ቀና ያለ ማርክ ይቀነስበታል

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። በሩ ላይ የቆምከውም ግባ፤ የቆመ ሰው ግማሽ ጆሮውን መንገድ ላይ ነው የሚተወው። የዛሬው ወሬ መሀል መሀሉ ላይ ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል፤ ሲውጡት ግን ይመራል። ነግሬያችኋለሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ሰውየው የሞተው በጠራራ ፀሐይ ነው። የሞተበትን ክፍልና አርባ ያህል ልጆች የተቀመጡበትን አዳራሽ የምትለየው አንዲት የእንጨት በር ነበረች። በሯን ደብድቧል። «ክፈቱልኝ» ብሎ ጮኋል። ልጆቹም ሰምተዋል፤ ደንቆሮ አልነበሩም። ሰምተው፣ አንገታቸውን እንደደፉ፣ እርሳሳቸውን እንደያዙ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

እንዴት ሆኖ? እሱን ልነግራችሁ ነው የጠራኋችሁ።

ቤቱ የጥናት ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚጠብቁ ልጆች እንግሊዝኛውን፣ ሒሳቡን፣ ባዮሎጂውን፣ ፊዚክሱን ልክ እንደ ዋናው ፈተና እየተፈተኑ የሚለማመዱበት። መግቢያው ላይ «ከዚህ ቤት ተፈትኖ የወደቀ የለም» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ይህ ሁሉ የሆነው በመጨረሻው የልምምድ ቀን ነው፤ ዋናው ፈተና ነገ ጠዋት ነበር።

የተጠራችው መርማሪ ጡረታዋ የደረሰ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት፤ «እንደምን አደርሽ» ቢሏት እንኳ «ለምን ጠየቃችሁኝ?» ትላለች እያሉ ያሟታል። ግቢው ውስጥ ስትገባ ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው አንገት ላንገት ተቃቅፈው ቆመዋል። እያለቀሱ መስሏት ጠጋ አለች።

«የሰባተኛው መልስ ሐ ነው አልኩህ!»

«ኧረ ባክህ! ለሁለት ማካፈሉን ረስተኸው ነው!»

ትታቸው አለፈች። ደረጃውን እያረፈች ወጣች።

ላይ አስር አለቃው ደረቱን ነፍቶ ይጠብቃታል። «እትዬ፣ ጉልበትዎን በከንቱ አደከሙ። ያለቀ ነገር ነው። ሰውየው የቤቱ ባለቤት ነው፤ አስም ነበረበት። ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪ ከቤቱ አባረረ። እሷም ተናዳ ስትወጣ በሩን ከውጭ ቀርቅራበት ሄደች። ሲያፍነው መውጫ አጣ። ይዘናታል።»

«ለምን?»

«ለምን ያዝናት ነው?»

«ለምን ከውጭ የሚቀረቀር ክፍል ቢሮ ያደርገዋል?»

አስር አለቃው ራሱን አከከ። «ድሮ ዕቃ ቤት ነበር አሉ። መቀርቀሪያውን ሳይነቅሉት ቀረ።»

አዳራሹ ረጅም ነው። ከፊት ጥቁር ሰሌዳና የተቆጣጣሪ ጠረጴዛ፤ ከኋላ ያቺ በር። ከበሯ አጠገብ፣ በአዳራሹ በኩል፣ ገመድ የተንጠለጠለባት የነሐስ ደወል አለች። ከሰሌዳው በላይ በትልልቅ ፊደል «ቀና ያለ ማርክ ይቀነስበታል» ተብሎ ተጽፏል። መርማሪዋ ቆማ ሁለቴ አነበበችው።

ሟቹ በሩ ሥር በጎኑ ወድቋል። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። የጠረጴዛው መሳቢያ ሁሉ ተጎትቶ፣ ኮቱ ኪሱ ተገልብጦ ወለል ላይ ተጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ሻይ ቀዝቅዟል።

«ሌባ ይመስላል» አለ አስር አለቃው።

«ሌባ ሳይሆን እሱ ራሱ ነው። የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ሲፈልግ ነበር። አስም ያለበት ሰው መንፊያውን ዓይኑ ከማያየው ቦታ አያስቀምጥም። ታዲያ የታል?»

ክፍሉ ውስጥ የለም። መርማሪዋ ወደ አዳራሹ ተመልሳ ቀስ ብላ ዞረች፤ የተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ከተማሪ የተረፉ የሒሳብ ጥያቄ ወረቀቶች ተደርድረዋል። አነሳቻቸው። መንፊያው ከሥር ነበር። ነካ ስታደርገው ፍሽ አለ፤ ሙሉ ነው። በመሀረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው፤ ለአስር አለቃውም ትንፍሽ አላለችም።

የተያዘችው ልጅ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት፤ ጥፍሯን በልታ ጨርሳዋለች።

«ልጄ፣ በሩን ቀርቅረሽዋል?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«እልህ ይዞኝ ነበር እትዬ። በሩን ደህና አድርጌ አላተምኩት። ከዚያ እጄ ምን እንዳደረገ አላውቅም። ቀርቅሬው ይሆናል።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሰው ገድዬ ይሆን?»

«ምን ብሎሽ ነው?»

«'አንቺ ለዚህ አልተፈጠርሽም' አለኝ። ስምሽን ፍቄዋለሁ፣ ነገ ከዚህ ቤት ነኝ ብለሽ እንዳትናገሪ አለኝ። እኔ ግን ለመፈተን ተመዝግቤያለሁ፤ እሱ ባይፈልግም ነገ መግባት እችላለሁ። እችል ነበር።» አስር አለቃውን አየችው። «ዘንድሮ ካለፈኝ አባቴ አንድ ዓመት አይጠብቀኝም። ሥራ ይዘሽ ግቢ ብሏል። እትዬ፣ እስከ ነገ ጠዋት ይለቁኛል?»

 መርማሪዋ የማትችለውን ቃል መስጠት አታውቅበትም። ነገር ግን ደረጃውን ስትወርድ ከወትሮዋ ፈጠን አለች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከደረጃው ሥር ወንበር አለው፤ የሚመዘግበውም፣ በር የሚጠብቀውም እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«የመጨረሻውን ደወል ስጠብቅ ጠፋ» አላት። «ወንድሜ ደወል አያሳልፍም፤ ልጆቹ ራሱ 'ደወሉ' ነው የሚሉት። ነገሩ አላማረኝም፤ ወጣሁ። መቀርቀሪያው ተዘግቷል። ስከፍተው እግሬ ላይ ወደቀ።»

«እንዲህ ሲጮህ ልጆቹ እንዴት ዝም አሉት?»

«ልምምድ መስሏቸው ነዋ! እሱ ራሱ እኮ ነው ያስለመዳቸው። በዋናው ፈተና ቀን ውጭ መኪና ቢጋጭ፣ ሰው ቢጣላ ልጆቹ እንዳይረበሹ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ትሪ ይወረውራል፣ 'እሳት! ድረሱልኝ!' ይላል። ቀና ያለ ልጅ አምስት ማርክ ይቀነስበታል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ቀና ይል ነበር። አሁን ጣሪያው ቢወርድ አንድ አንገት አይነቃነቅም።» ይህን ሲል ኩራት ፊቱ ላይ ብልጭ አለና ወዲያው ጠፋ።

«ልጅቷ ስትገባ ምን አየህ?»

«እኔ ሻይ ሳስገባ ፊቱ ቆማለች። የሒሳቡ ወረቀት ጠረጴዛውን ሞልቶት ብርጭቆውን ማሳረፊያ አጣሁ፤ መንፊያውን ወረቀቱ ላይ አውጥቼ ብርጭቆውን ጥጉ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወረድኩ። ወዲያው በሩ ሲላተም ሰማሁ፤ ልጅቷ እየሮጠች መጥታ እዚች ደረጃ ላይ ተዘርፍጣ ታለቅሳለች። 'ደወሉ ተደውሏል፣ ተነሽ ከዚህ፣ ልጆቹን ትረብሻለሽ' አልኳት።»

«እንደሷ የሚባረር ብዙ ነው?»

«ፈተናው ሲቃረብ ደካማ ደካማው ይቀነሳል። ሰሌዳችን ላይ የተጻፈው ውሸት እንዳይሆን። ወንድሜ አያዳላም፤ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ አስተማሪያችንን ልጅ እንኳ አልማረም።»

«የየትኛዋን?»

«የባዮሎጂዋን።»

መርማሪዋ ጉልበቷን ያዝ አደረገች፤ ያማት እሱ ግን አልነበረም።

የሒሳቡን አስተማሪ ከወንድምየው ወንበር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ማባዣ ክፍል ውስጥ ነው ያገኘችው። ወጣት ነው፤ ጣቶቹ በቀለም ጠቁረዋል።

«ከሰውየው ጋር እንደማንስማማ ነግረውዎት ይሆናል» ብሎ ቀደማት። «እውነት ነው። የራሴን ቤት ልከፍት ነበር። ግን እሱ ቢሞት ቤቱ የወንድሙ ነው የሚሆነው፤ ለኔ ምን ይተርፈኛል? ሒሳቡን ይሥሩት።»

«ሒሳብ አልወድም።»

«ያስታውቃሉ» አለና አፉን ያዘ። «ይቅርታ እትዬ። አፌ አያርፍም።»

«ጩኸቱን ሰምተሃል?»

«ማሽኑ እየጮኸ ራሴንም አልሰማ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ወንድሙ ይመስክርልኝ፤ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ደግሞ በሒሳብ ሰዓት ጩኸት የለም።»

«ለምን?»

«ስለለመንኩት። ስሌት መሀል የተቋረጠ ልጅ ካንድ ነው የሚጀምረው። በእንግሊዝኛ፣ በባዮሎጂ እንደፈለግክ ጩህ፣ በሒሳብ ግን ተወኝ አልኩት። አንድ ቀን ከቃሉ አልወጣም። በዚህ በዚህ ቃሉን አክባሪ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ልጆቹም እኛም። በሒሳብ ሰዓት የሚቆጣጠሩት የባዮሎጂዋ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ስለምነው አጠገቤ ነበሩ። እዚህ አንድ አስተማሪ የራሱን ትምህርት አይቆጣጠርም፤ መልስ እንዳይጠቁም።»

የባዮሎጂ አስተማሪዋ ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ግራጫ ሹራቧን ጠቅልላ ተቀምጣለች። ከአንድ ሰዓት በፊት የተሰጣት ሻይ እጇ ላይ ነው፤ አልቀመሰችውም። ሁለት ሴት ልጆች እግሯ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ መርማሪዋ ስትገባ ፀጉራቸውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ አስወጣቻቸው።

«የልምምዱ ጩኸት መሰለኝ» አለች፣ ድምጿ ለስላሳ ነው። «እግዜር ይቅር ይበለኝ። ብነሳ ኖሮ…»

«በረድፍ መሀል ትዘዋወሪያለሽ?»

«ሥራዬ ነው። ጎማ ጫማ ነው የምናደርገው፣ እንዳንረብሽ።»

«የሒሳቡን ወረቀት መቼ ነው ከቢሮው የወሰድሽው?»

«ጠዋት። ልጅቷ ሳትገባ በፊት።»

«ልጅሽ ደህና ነው?»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። «ቤት ነው» አለች። 

ግቢ ስትወርድ አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ ከኋላዋ ተከተላት። ጓደኞቹ «ማርኬ» ይሉታል፤ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ «ማርኬስ?» ይላል ብለው ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የተቀነሰ ማርክ የሚመለሰው በማን ነው አሁን? ደወሉ ስለሞቱ ማለቴ ነው።»

«ማን ቀነሰብህ?»

«የባዮሎጂ ቲቸር! እኔ ላይና አጠገቤ ባለው ልጅ ላይ። በሒሳብ ጩኸት የለም እኮ፤ ድንገት በሩ ሲደበደብ ደንግጠን ቀና አልን። እሳቸውም ከኋላ መጥተው ጠረጴዛዬን መታ መታ አድርገው 'አምስት' አሉኝ።»

«ሁልጊዜ ይቀንሳሉ?»

«እሳቸው? በሕይወታቸው ቀንሰው አያውቁም! ቀና ስንል ወደ መስኮት ነው የሚዞሩት፣ እንዳላዩ ሆነው። ለዚህ እኮ ነው የምንወዳቸው። ዛሬ ምን ነካቸው?»

«ሲጮህ ምን ይል ነበር?»

ልጁ መነጽሩን አወለቀ፤ ያለ መነጽር ሕፃን ይመስላል። «ስማችንን ይጠራ ነበር። አንድ በአንድ። የኔንም ጠርቷል። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል… እኔ… ደስ አለኝ። ስሌቴን ልጨርስ።»

መርማሪዋ ትከሻውን ጨበጥ አድርጋው ቆየች። 

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየውን፣ የሒሳቡን አስተማሪ፣ የባዮሎጂዋን፣ የተያዘችውን ልጅ፣ ማርኬንና አጠገቡ የሚቀመጠውን። ሁሉም ተማሪ በሚቀመጥበት ጠባብ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አስር አለቃው ጉልበቱን የሚያስገባበት አጥቶ ቆመ። መርማሪዋ ያቺ በር አጠገብ ቆመች።

«እናንተ በየትምህርቱ ስትፈትኑ ነው የኖራችሁት፤ እኔ ቶሎ ልጨርስ» አለች። «አስር አለቃችን ይህቺ ልጅ ስትወጣ በሩን ቀረቀረች ይላል። እሷም ራሷን ተጠራጥራለች። እስቲ ንገሩኝ፤ ልጅቷ ከወጣች በኋላ የሒሳቡን ፈተና ያስጀመረ ማን ነው?»

«ደወሉ ናቸዋ» አለ ማርኬ።

«እንዴት አስጀመሩ?»

«እንደሁልጊዜው። በራቸውን ከፈት አድርገው ገመዷን ሳቡና 'ጀምሩ' አሉ። ከዚያ ዘጉት።»



«ሌላ ሰው ደውሎ እንደሆነስ?» አለ አስር አለቃው።

«ወንድሜ ደወሏን ሰው አያስነካም» አለ ታናሽየው። ቀስ ብሎ ነገሩ ገባው። «ልጅቷ ደግሞ ያን ጊዜ ደረጃዬ ላይ ነበረች። እያለቀሰች። እኔ ራሴ ነኝ ያስነሳኋት።»

«አየህ ወንድሜ፣ አንተ ነህ ቅድም የነገርከኝ። ግን ደወሏ ለእናንተ እንደ ትንፋሽ ናት፤ ማን ትንፋሹን ይቆጥራል? ሰውየው በሩን ከፍቶ ከደወለ ያን ጊዜ አልተቀረቀረም። ልጄ፣ ስሚኝ። አንቺ በሩን አላትመሽዋል፤ አልቀረቀርሽውም።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። 

«እንግዲህ መቀርቀሪያው የተዘጋው ከደወሉ በኋላ፣ ፈተናው እየተካሄደ ነው ማለት ነው። መቀርቀሪያው ደግሞ በአዳራሹ በኩል ነው። የሒሳቡ አስተማሪ ታች ማሽኑ ላይ፣ ወንድምየው ፊት ለፊቱ፤ ሁለቱም ይተያያሉ። ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ የተነሳ ልጅ ቢኖር ተቆጣጣሪዋ ታየዋለች። ቆሞ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነው የነበረው፤ ድምፅ በሌለው ጫማ።»

ማንም ወደ ባዮሎጂ አስተማሪዋ አላየም። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል።

«የልምምድ ጩኸት መሰለኝ አልሽኝ» አለች መርማሪዋ ወደ እሷ ዞራ። «በሒሳብ ሰዓት ግን ልምምድ የለም፤ ሲለመን አጠገቡ ነበርሽ። ወረቀቱን ልጅቷ ሳትገባ ወሰድኩ አልሽኝ። ሻይ ሲገባ ግን ልጅቷ ቆማ ወረቀቱም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ መንፊያውም ወረቀቱ ላይ። ያነሳሽው እሷ ከወጣች በኋላ ነው።» መሀረቡን ፈታ መንፊያውን አሳየች። «ይኸው። ያንቺ ጠረጴዛ ላይ፣ ከተረፉት ወረቀቶች ሥር። ይህ ሁሉ ቢሆንም 'ተሳስታ ይሆናል፣ ደንግጣ ይሆናል' እል ነበር። ግን ሰውየው በሩን ሲደበድብ ሁለት ልጆች ቀና አሉ። ቀና ያለ ልጅ ሲያዩ ወደ መስኮት የሚዞሩት ሴትዮ ያን ጊዜ ሄደው ማርክ ቀነሱ። ለምን?»

የባዮሎጂ አስተማሪዋ ሻይዋን፣ ያንኑ የቀዘቀዘውን፣ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

«ልጄ እዚያ ነበር የሚቀመጠው» አለች። «ማርኬ ያለህበት። ፈተናው ሊደርስ ሲል ጠራውና 'አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም' አለው። ልጁም አመነው። ቤት ገብቶ ተኛ። ሁለት ዓመቱ። ግድግዳ ያያል። ሳጎርሰው አፉን ይከፍታል፣ ሌላ ምንም።»

«ለምን እዚህ ማስተማር ቀጠሉ ታዲያ?» አላት የሒሳቡ አስተማሪ፣ ሳያስበው።

«የት ልሂድ? ደግሞ ሌሎቹን ማን ይጠብቅልኝ?» እጆቿን አየቻቸው። «ዛሬ ወረቀት ልወስድ በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ያንኑ ቃል ለእሷ ሲላት ሰማሁት። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። እሷ ስትወጣ ገባሁ። ወረቀቱን በእቅፌ ሰብስቤ ወጣሁ። መንፊያው አብሮ መምጣቱን አላየሁም፤ ይህን እመኑኝ። ሳድል ነው ያገኘሁት። ልመልስለት ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሳል ጀምሮታል። ልከፍትለት እጄን ዘረጋሁ… መቀርቀሪያው ላይ አረፈ።»

«ያ እጅሽ ነው እንበል» አለች መርማሪዋ። «ልጆቹን አንገታቸውን ያስደፋው ማን ነው?»



«እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ።

«ይህቺ ልጅ ስትያዝስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ነገ እስኪያልፍ ነበር። ልጆቹ በፈተናቸው ዋዜማ አስተማሪያቸው ገዳይ ናት ቢባሉ ምን ልብ ኖሯቸው ይፈተናሉ? ከፈተናው በኋላ እጄን ልሰጥ ነበር። በእናትነት እምላለሁ።»

«እሷስ? እሷ ነገ የት ልትሆን ነበር?»

አስተማሪዋ ልጅቷን አየቻት። ያን ጊዜ ገና ያየቻት ይመስላል። 

«ብዙዎቹ እንዲያልፉ አንዷን መቀነስ» አለች መርማሪዋ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «ሰውየውም እንዲሁ ነበር የሚያሰላው።»

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ተነሳች፤ ሹራቧን አስተካከለች። አስር አለቃው ክንዷን ሊይዝ ሲል ማርኬ ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቲቸር» አለ። የሚለው ጠፋው። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ እሱኑ አለ። «ያ አምስት ማርክ…»

«ይመለስልሃል የኔ ልጅ» አለችው። «ያንተ ስህተት አልነበረም። ልክ ነበርክ።»

ልጁ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ተቀምጦ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ እንደ ሕፃን።

ልጅቷ በማግስቱ ተፈተነች። በሰዓቱ ደረሰች፤ አባቷ በር ድረስ ሸኛት። ውጤቱ ሲመጣ አልፋለች። ከሁሉ አብልጣ ያመጣችው በባዮሎጂ ነው። መንገድ ላይ መርማሪዋን ስታገኛት እንዲህ አለቻት፦ «መልሱን ሁሉ በእሳቸው ድምፅ ነው የምሰማው። የደም ዝውውሩን፣ ሳንባውን፣ ሁሉንም። የጻፍኩት ጥርሴን ነክሼ ነው። ማለፌ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር፣ እትዬ፣ አላውቅም።» ይህን ብላ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ሄደች።

መርማሪዋ ግን የፈተናው ዕለት፣ ልጆቹ ሁሉ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ባሉበት ሰዓት፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ቤት ሄዳ ነበር። ማንም አላዘዛትም። የሴትየዋ እህት በሩን ከፈተችላትና ወደ ጓዳ ጠቆመቻት። አልጋው ላይ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ዘወር አለ። ቶሎ ነው የዞረው። ዓይኑ በሯ ላይ ቆየ፣ ከኋላዋም ፈለገ። የሚፈልገው ሰው እንዳልመጣ ሲያይ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

አክስቱ ማንኪያውን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። አፉን አልከፈተም። ቆይቶ ከፍቶ ይሆናል፤ ሰው ይርበዋል። መርማሪዋ ግን ያን አልጠበቀችም፤ መቀመጥ አልቻለችም።

ልጆቼ፣ ይህን ነገር ሰው ሲያወራው ስለ ሟቹ ያወራል፤ ስለ ገዳይዋ ያወራል፤ ስላለፈችው ልጅም ያወራል። ያ ልጅ ግን በወሬው ውስጥ የለም፤ ስሙን የሚጠይቅም አላገኘሁም። እናንተ ሰው ናችሁና አደራ አልላችሁም፤ አደራ ይከብዳል። እንዲያው ከልጆቻችሁ ጋር መጽሐፍ ዘርግታችሁ በተቀመጣችሁ ቀን፣ አንዴ፣ ለአፍታ ያህል፣ አስቡልኝ እሱን።